ሃያ ስም

ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጦሳ ጉሙን ሲለብስ፣
ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ፎቁ ሥር ሲሰፋ የሰርግ ልብስ፣
እኔ ከላይ ሆኜ ወንበር እደረድራለሁ፤
አርባ ሰው ጠርቼ ሠላሳ አኖራለሁ።
አሥር ሰው ከቆመ ግድግዳ ተደግፎ፣
የማይታይ ዕቃ ይፈለጋል ተሰልፎ።

ሰላምታዬ ረጅም ነው። በስም እየጠራሁ
የልጆቹን ጤና፣ የላሟን ወተት እጠይቃለሁ።
«ደክሟችኋል?» ስል «አዎ!» ይላሉ በአንድ አፍ፤
«መረራችሁ?» «አዎ!» ሦስተኛው «አዎ» ነው ደጃፍ።
ሦስቴ አዎ ያለ ሰው አራተኛ ሲጠየቅ
እምቢ ማለት ያፍራል፤ ያን ነው የምጠብቅ።

«እጅ ከፍ!» እላለሁ። ኑርዬ፣ የሰው ባጃጅ ነጂ፣
ያወጣል ከበሩ ጥግ ዘይት የጠጣ እጅ።
«ህልምህ?» «የራሴ ባጃጅ።» «ለምን አነስህ? ሚኒባስ በል!»
ጭብጨባ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪዘል።

ሰሌዳው ላይ ክብ እሠራለሁ፣ ከክቡ ሥር ሁለት ክብ፣
ከሁለቱ አራት፣ ከአራቱ ስምንት፤ ሲያድግ ደስ ይላል ለልብ።
አናቱ ላይ «አንተ» እላለሁ፣ «አንቺ» እላለሁ ተራ በተራ፤
ማንም አይጠይቅም፣ ከታች ጫፍ ያለው ክብ ማንን እንደሚጠራ።

ከዚያ ወረቀት አድላለሁ። የቀኑ ጨው ይኼ ነው፦
«የምታምኑትን ሃያ ሰው
ስምና ስልኩን ጻፉ። አምስት ደቂቃ።»
ዝም ይላል ቤቱ፤ ከታች መኪናው እንኳ ሰፍቶ እንደ በቃ።

ባለፈው ሐሙስ ግን እትየ ጦይባ መጡ፣
ሙጋድ በርበሬ ሻጭ፤ ፊት ረድፍ ተቀመጡ።
«ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ።»
ተንበረከክሁ። እስክሪብቶዬን አሳረፍሁ ከወረቀቱ ጫፍ።

«ዘነቡ በል። ልጄ የታመመ ለታ
ሆስፒታሉ ደጅ አብራኝ ያደረች፣ በአንድ ጋቢ ማታ።
ያሲን ሙሄን በል። ቤቴን እሳት የበላው ቀን
ቆርቆሮ የሰጠኝ፣ ከራሱ ጣሪያ ነቅሎ፤ እስካሁን
ሳይጠይቀኝ አለ።
የቅሬያችንን ዳኛ ጻፍ፤ ‹መዋጮ ጎደለሽ› ሳይል የቀበረልኝን ባሌን።
ቄስ ሞላልኝን ጻፍ፤ በረመዷን ስጾም ከቦኖ
ጀሪካን ተሸክመው ያደረሱልኝን።»

«ሃያ ሞላ፣ እትየ።» «ገልብጠው» አሉኝ። ገለበጥሁ።
ስንት ሺህ ስም ሰብስቤ፣ እንዲያ የከበደ ወረቀት አልያዝሁ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበት፣
ረጋ ያለ፣ በርበሬ እንደሚመዝኑበት፦
«እና ከነዚህ ከማን ነው የምጀምር፣ ልጄ?
ያልከፈልሁት ዕዳ እያለ ምን ልቀበል በእጄ?»

አርባ ሰው ሰማ። መልስ አለኝ እኮ! ለ«ባሌ አይፈቅድም»፣
ለ«ገንዘብ የለኝም»፣ ለ«ልመካከር»፣ ለ«ጊዜ አይበቃኝም»፤
ደብተሬ ጀርባ ላይ አሥራ ሰባት መልስ ጽፌያለሁ።
ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርሁ።

«ወረቀቴን ስጠኝ» አሉ። ሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት
እንደ ሳንቲም አጥብቀው። ደረጃውን ሊወርዱት
በሩ ላይ ዞረው፦ «አንተስ፣ ሃያውን ስትጽፍ
ማንን ነበር ያስቀደምኸው ከጫፍ?»

ኑርዬ ግን ፈረመ። ስድስት ሰው ፈረመ ያን ማታ።
ውሸት አልጽፍም፦ ብሩን ቆጥሬ የተቀበልሁ በደስታ።

ጉሙ ወርዶ ፒያሳን ሲውጥ፣ አጥር ጥግ ቆሜ
ስልኬን ከፈትሁ፤ የመጀመሪያው ስም ወንድሜ።
ጠራ። ጠራ። ዘጋው።
ሁለተኛው አብሮ አደጌ። የተቀዳችው ሴት፦
«የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።»
እሷ እንኳ «ደንበኛ» አለችው፣
እኔ ያስተማርኋት ይመስል።

ሦስተኛው እናቴ። በአንድ ጥሪ አነሳች፤
ሰላም ሳትለኝ
«ስንት ጎደለህ?» አለች።